የታችኛው ሊግ ወጣት አጥቂ ዕድሜውን እያባከነ አይደለም፤ በሰፊው ለተነበበ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የእንግሊዝን እግር ኳስ በሚከታተሉ የአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ሰሞኑን በሰፊው የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ በእንግሊዝ አራተኛ እርከን በሆነው በሊግ ቱ ከሚጫወትና ስሙ ካልተጠቀሰ አንድ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ አጥቂ ተነስቶ በአገሪቱ ታችኛ ሊጎች የሚጫወቱ ወጣት አጥቂዎች ሁሉ ምን እንደሚጠብቃቸው ይተነብያል፤ የሚደርስበትም መደምደሚያ ልጆቹ ዕድሜያቸውን በከንቱ እያባከኑ ነው የሚል ነው። ጸሐፊው በነገሩ ላይ በቅን ልቦና እንዳሰበበት ከአጻጻፉ ይታያል፣ ለወጣቶቹም ከልብ ያዝናል። ይሁን እንጂ ሐዘኑ የቆመው በተሳሳተ ግንዛቤ ላይ ነው ብዬ ስለማምን፣ ያነሳቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ወስጄ መልስ ልሰጥባቸው ወድጃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በመጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እውነተኛ ተሰጥኦ ያለው ልጅ በ16 ዓመቱ በትልልቆቹ ክለቦች አካዳሚዎች ተለቅሞ ስለሚያልቅ ታች የሚቀረው ባለሙያ አይቶ የጣለው ነው ይላል። በሊግ ዋንና በሊግ ቱ የሚቆጠር ጎል ወደ ላይ ስለማይሻገር በቁጥሩ መደሰት ራስን ማታለል ነው ይላል። ወጣቱን ወደ ታችኛ ክለብ በውሰት መላክ በጨዋ ቋንቋ ማሰናበት ነው ብሎ ካበቃ በኋላ፣ ትልቅ ክለብ የጠራው ልጅ በተጠባባቂነትም ቢሆን በዚያው ቀን ሻንጣውን ይዞ መሄድ እንዳለበት ይመክራል። ከታችኛ ሊግ ተነስቶ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን እንደሆነው አጥቂ እንደ ጄሚ ቫርዲ ያሉ ታሪኮች ተአምር ስለሆኑ ለማንም መንገድ ሊሆኑ አይችሉም የሚል ነጥብም አለው። በመጨረሻም የ21 ዓመት ወሰን ያሰምራል፤ በዚያ ዕድሜው በፕሪሚየር ሊግ ቋሚ ቦታ ያልያዘ አጥቂ ሌላ ሙያ ቢፈልግ ይሻለዋል ባይ ነው።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ስለ መድረኩ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፕሪሚየር ሊግን ብቻ ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለቦች በታች በቻምፒዮንሺፕ፣ በሊግ ዋንና በሊግ ቱ እያንዳንዳቸው 24 ሆነው የተደለደሉ 72 ሙሉ የሙያ ክለቦች አሉ፣ እያንዳንዳቸውም በአንድ የውድድር ዘመን 46 የሊግ ጨዋታ ያደርጋሉ። ከእነሱ በታች ናሽናል ሊግ፣ ከዚያም በታች በየክልሉ የተከፋፈሉ ሊጎች ይቀጥላሉ፤ እርከኖቹም በማደግና በመውረድ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ «ታችኛ ሊግ» የምንለው ብዙ ሰው የሚኖርበት፣ ደጋፊው አያት ቅድመ አያቱ ይደግፉት የነበረውን ክለብ የሚከተልበት፣ ተጫዋቹም በየሳምንቱ የሚፈተንበት ሰፊ ዓለም ነው።

ተሰጥኦ ያለው ሁሉ በ16 ዓመቱ ተለቅሞ ያልቃል በሚለው ልጀምር፤ የቀሩት ነጥቦች ሁሉ የተንጠለጠሉት በዚህኛው ላይ ነው። በጽሑፉ አንድ እውነት አለ፣ እሱን አልክድም፤ የዛሬው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አብዛኛው ተጫዋች በትልልቅ አካዳሚዎች ያደገ ነው። ቡካዮ ሳካም ሆነ ፊል ፎደን የዚያ ሥርዓት ልጆች ናቸው። ነገር ግን ጽሑፉ የሚናገረው ስለ አጥቂ ነው፣ ወደ አጥቂ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። የያኔው የእንግሊዝ አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት ለ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ወደ ጀርመን ይዟቸው የሄደው የመሐል አጥቂዎች ሦስት ነበሩ፤ ሃሪ ኬን፣ ኦሊ ዋትኪንስ እና ኢቫን ቶኒ። ኬን በቶተንሃም ቢያድግም የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ያደረገው በ2011 በሊግ ዋን ለሌይተን ኦሪየንት ነው። ዋትኪንስ በሊግ ቱ ለኤክሰተር ሲቲ፣ ቶኒ ደግሞ በዚያው በሊግ ቱ ለተወለደበት ከተማ ክለብ ለኖርዝሃምፕተን ተጫውተው የመጡ ናቸው። በዚያ ውድድር ከስሎቫኪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ኬን በጭማሪ ሰዓት ላስቆጠራት የማሸነፊያ ጎል ኳሷን በጭንቅላቱ ያመቻቸለት ቶኒ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ኔዘርላንድስን የጣለችውን ጎል ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሊሻገር ሲል ያስቆጠረው ደግሞ ኬንን ተክቶ የገባው ዋትኪንስ ነው። በጽሑፉ ስሌት ከሄድን እንግሊዝን እስከ ፍጻሜው ያደረሱት ሁለት ወሳኝ ጎሎች ባለሙያ አይቶ በጣላቸው ሰዎች እግርና ጭንቅላት የመጡ ናቸው ማለት ነው።

አካዳሚዎች ይህን ያህል የሚስቱት ሰዎቹ ደካሞች ስለሆኑ አይደለም። የሚፈርዱት ሰውነቱ ገና አድጎ ባልጨረሰ ልጅ ላይ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በመስከረም (ሴፕቴምበር) 1 ቀን በመሆኑ፣ በሐምሌና በነሐሴ የተወለደ ልጅ አንድ ዓመት ያህል ከሚበልጠው ታላቁ ጋር እኩል ተሰልፎ ይመዘናል። በዚህም የተነሳ አካዳሚዎች ቀደም ብለው የተወለዱትን አብልጠው እንደሚይዙ በጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። ሃሪ ኬን የተወለደው ሐምሌ (ጁላይ) 28 ቀን 1993 ነው። ያደገው በሰሜን ምሥራቅ ለንደን ሲሆን መጀመሪያ የያዘው ትልቅ ክለብ አርሰናል ነበር፤ አርሰናል ግን ገና በልጅነቱ አሰናበተው። ዛሬ የብሔራዊ ቡድኑ የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ እሱ ነው። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ ቁመትህ አጭር ነው ብሎ ሸኝቶታል፤ ልጁም ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ ለተባለ የአካባቢ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ሲጫወት፣ ቀን ቀን ለተሰበረ እጅና እግር ድጋፍ የሚሆኑ ቁሳቁሶች በሚያመርት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በኋላ ለእንግሊዝ የተጫወተውን ሪኪ ላምበርትን ሊቨርፑል በ15 ዓመቱ ለቆታል፣ እሱም ክለብ ባጣበት ወቅት ቀይ ሥር በሚታሸግበት ፋብሪካ የብርጭቆ ክዳን ሲያጠብቅ ውሏል። እነዚህ ሁሉ ሙያው ያላያቸው ሳይሆኑ፣ አይቶ የተሳሳተባቸው ናቸው።

ለአጥቂ የተለየ ምክንያትም ያለ ይመስለኛል። የመሐል አጥቂ ሥራ በአብዛኛው የሚለካው በሰከንድ ስባሪ ነው፤ መቼ መሮጥ፣ መቼ መቆም፣ ተከላካዩ ወዴት ሊዞር እንደሆነ ማንበብ። ይህን የሚያስተምረው ለዚህ የተካነ ባላጋራ ነው። በሊግ ቱ አንድ የ18 ዓመት አጥቂ ፊት ለፊት የሚገጥመው የ33 ዓመት ተከላካይ ለክርን አጠቃቀምም ለሸሚዝ ጉተታም የዓመታት ልምድ አለው፤ ክለቡ ከወረደ ደግሞ ደመወዙና የቤቱ ዕዳ ክፍያ አብረው አደጋ ላይ ይወድቃሉ። በወጣቶች ውድድር ላይ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም።

ጎል አይሻገርም ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዘው ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሹንም እቀበለዋለሁ። ጆርዳን ሮድስ በ2011–12 የውድድር ዘመን ለሃደርስፊልድ በሊግ ዋን 36 የሊግ ጎሎች አስቆጥሮ ብላክበርን በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በቻምፒዮንሺፕም ለዓመታት በብዛት አስቆጠረ፤ በፕሪሚየር ሊግ ግን አንዲት ጎል እንኳ ሳይኖረው ቀረ። ስለዚህ 30 ጎል ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል የሚል ሰው ካለ ይሳሳታል። ነገር ግን የሮድስ ታሪክ ራሱ ጽሑፉ እንደሚለው ጎሉ ከነጭራሹ እንደማይሻገር አያሳይም። አንድ እርከን ከፍ ሲል ጎሉ አብሮት ከፍ ብሏል፤ ያቆመው የመጨረሻው እርከን ላይ ነው።

የቶኒን መንገድ በቁጥር እንከተለው። በ2019–20 በሊግ ዋን ለፒተርቦሮ 24 የሊግ ጎሎች አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት በቻምፒዮንሺፕ ለብሬንትፎርድ 31 አስቆጥሮ፣ ግሌን መሬይ በ2012–13 በክሪስታል ፓላስ ማሊያ ያስመዘገበውን የ30 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። (መሬይም ቢሆን በካርላይል፣ በስቶክፖርትና በሮችዴል አልፎ የመጣ አጥቂ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።) በፕሪሚየር ሊግ የቶኒ የመጀመሪያ ዓመት ጎሎች 12፣ የሁለተኛው ዓመት ደግሞ 20 ነበሩ። ማካውሊ ላንግስታፍ በ2022–23 ለኖትስ ካውንቲ በናሽናል ሊግ 42 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ቡድኑ ወደ ሊግ ቱ ሲያድግ ያስቆጠረው 28 ነው። ላምበርት በሊግ ዋን፣ በቻምፒዮንሺፕና በፕሪሚየር ሊግ በተከታታይ ለሳውዝሃምፕተን አስቆጥሯል፣ ፕሪሚየር ሊግ ሲደርስም ዕድሜው 30 ነበር፤ በነሐሴ (ኦገስት) 2013 ለእንግሊዝ ተጠርቶ በዌምብሊ ስኮትላንድን ሲገጥም፣ ተቀይሮ ገብቶ በመጀመሪያ የነካት ኳስ ጎል ሆነች።

ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ጎሉ እንዴት ገባ የሚለው ነው። በሰውነት ብልጫና በፍጥነት ብቻ የሚያስቆጥር ወጣት፣ ሁሉም ጠንካራና ፈጣን ወደሆነበት እርከን ሲወጣ መሣሪያው ይዶለዱማል። ኳስ ከመምጣቷ በፊት ቦታውን የሚያውቅ ግን ያንን ይዞት ይወጣል። መላመድም ጊዜ ይወስዳል። ቫርዲ በ2012 ከፍሊትውድ ታውን ወደ ሌስተር ሲሄድ የተከፈለበት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ከሊግ ቱ በታች ላለ ክለብ ተጫዋች እስከዚያ ያልታየ ዋጋ ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ በቻምፒዮንሺፕ ያስቆጠረው ግን 4 ጎል ብቻ ነው፣ ኳስ ለማቆምም አስቦ ነበር። ያን ጊዜ የጽሑፉ ጸሐፊ ቢጠየቅ ኖሮ «ይኸው፣ አልተሻገረም» ባለ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 16 የሊግ ጎል አስቆጥሮ ሌስተር የቻምፒዮንሺፕ ዋንጫ አነሳ።

ዋትኪንስ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። በ2014–15 ገና ልጅ ሳለ ኤክሰተር በውሰት የላከው ዌስተን ሱፐር ሜር ወደሚባል፣ በስድስተኛው እርከን ላይ ወዳለ፣ በባሕር ዳርቻ ላይ የምትገኝ ከተማ ክለብ ነበር። በ2017 ብሬንትፎርድ ወስዶ በክንፍ በኩል አጫወተው፤ ወደ መሐል የመጣው ኒል ሞፔ በ2019 ወደ ብራይተን ሲሸጥ ነው፣ በዚያም ዓመት 25 የሊግ ጎል አስቆጠረ። አስቶን ቪላ በመስከረም 2020 በ28 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በቀጣዩ ወር የወቅቱን ሻምፒዮን ሊቨርፑልን 7 ለ 2 ሲያሸንፉ ከዕረፍት በፊት ሐትሪክ ሠራ።

ውሰት ስንብት ነው የሚለውን ለመመለስ አንድ ጨዋታ ይበቃኛል። ግንቦት (ሜይ) 12 ቀን 2013 ዋትፎርድና ሌስተር ሲቲ በዋትፎርድ ሜዳ በቪካሬጅ ሮድ የቻምፒዮንሺፕ ፕሌይኦፍ (ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ የሚደረግ የማጣሪያ ውድድር) ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ያደርጋሉ። ሌስተሮች ተጠባባቂ ወንበር ላይ ካስቀመጧቸው መካከል ከቶተንሃም በውሰት የመጣው የ19 ዓመቱ ሃሪ ኬን እና ዓመቱ የከፋበት ቫርዲ ይገኛሉ። በጭማሪው ደቂቃ ሌስተር ያገኘው ፍጹም ቅጣት ምት ይመለሳል፤ ኳሷ ወዲያው ወደ ሌላኛው የሜዳ ጫፍ ትሮጥና ትሮይ ዲኒ አስቆጥሮ ዋትፎርድን ወደ ፍጻሜ ያሳልፋል። ዲኒም ቢሆን ከሠፈር ክለብ ተነስቶ በዎልሳል በኩል ያለፈ አጥቂ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በፕሪሚየር ሊግ የ2015–16 የጎል ሰንጠረዥ አናት ላይ ኬን በ25 ጎል ተቀምጧል፤ ቫርዲ በ24 ይከተለዋል፣ ሌስተርም የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ዲኒ ደግሞ ከዋትፎርድ ጋር አድጎ በዚያው ሊግ 13 አስቆጥሯል። ኬን እስከዚያ ድረስ ወደ ኦሪየንት፣ ወደ ሚልዎል፣ ወደ ኖርዊችና ወደ ሌስተር አራት ጊዜ በውሰት ተልኳል። ቶተንሃም አሰናብቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ያም ሆኖ ያለ ዕቅድ የሚደረግ ውሰት ልጅን እንደሚጎዳ አልክድም። ተጫዋቹን ማን እንደሚጠቀምበት፣ በየትኛው ቦታ እንደሚያጫውተው፣ ስንት ጨዋታ እንደሚያሰልፈው ሳይጠየቅ በየስድስት ወሩ ከከተማ ከተማ ማዘዋወር ማሳደግ አይባልም። ጸሐፊው ይህን ቢል ኖሮ አብሬው በቆምኩ።

ትልቅ ክለብ በጠራ ቀን መሄድ ነው የሚለው ምክር ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ነጥቦች አስተያየት ሲሆኑ ይህኛው አንድ ልጅ ሰምቶ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ቶኒ ይህንኑ አድርጓል። በ16 ዓመቱ ለኖርዝሃምፕተን ተሰልፎ፣ በ19 ዓመቱ በ2015 ወደ ኒውካስል ተዛወረ። በኒውካስል ማሊያ በፕሪሚየር ሊግ የተጫወተው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት በባርንስሊ፣ በሽሩስበሪ፣ በስከንቶርፕና በዊጋን በውሰት አሳለፈ። ሥራው የተቃናው በ2018 አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በሊግ ዋን የእኔ የሚለውና በየሳምንቱ የሚያሰልፈው ፒተርቦሮን ካገኘ በኋላ ነው። ጽሑፉ ቶኒን ከነጭራሹ አለማንሳቱ አስገርሞኛል፤ ለክርክሩ ከእሱ የቀረበ ምሳሌ አልነበረም፣ ምሳሌው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው።

የተሻለው መንገድ ምን እንደሚመስል ከሌሎቹ ይታያል። ዋትኪንስ ከሊግ ቱ የሄደው በቀጥታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አይደለም፤ በቻምፒዮንሺፕ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ነው። ቫርዲም እንዲሁ። ላምበርት ከሳውዝሃምፕተን ጋር ሊግ በሊግ አብሮ ወጣ። አማካይ ቢሆንም ዴሌ አሊን ላንሳ፤ ቶተንሃም በ2015 መጀመሪያ ላይ ከኤምኬ ዶንስ ሲገዛው እስከ የውድድር ዘመኑ መጨረሻ በውሰት እዚያው ለቀድሞ ክለቡ እንዲጫወት ተወው፣ ልጁም የጀመረውን ሳያቋርጥ ጨርሶ ሄደ። ትልልቆቹ ክለቦች ራሳቸው ትምህርቱ የት እንዳለ ያውቃሉ። ከ2016–17 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች ቡድኖቻቸውን የሊግ ዋንና የሊግ ቱ ክለቦች በሚወዳደሩበት ዋንጫ ውስጥ አስገብተዋል፤ የታችኞቹ ክለቦች ደጋፊዎች ውድድራችን ተደፈረ ብለው ስታዲየም ባለመግባት ሲቃወሙም አልተውትም። ልጆቻቸው ከጎልማሶች ጋር እንዲጋፉ ይፈልጋሉና።

በሌላ በኩል ትልቅ ክለብ የሚሰጠው ሐኪም፣ ሜዳ፣ አሰልጣኝና ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰቡ የተቸገረ የ18 ዓመት ልጅ የሚያስተማምን ውል ቢፈርም ማንም ሊወቅሰው አይገባም። እኔ የምቃወመው ይህን ውሳኔ ለሁሉም የሚሆን ብቸኛ ትክክለኛ መንገድ አድርጎ ማቅረቡን ነው።

አሁን ወደ ተአምሩ ልመለስ። ተአምር በዕቅድ አይደገምም፣ በንግድ መዝገብም ላይ አይሰፍርም። በእንግሊዝ ግን ከታችኛ ሊግ አጥቂ እየገዙ አሻሽሎ መሸጥን ቋሚ ሥራቸው ያደረጉ ክለቦች አሉ። ብሬንትፎርድ በ2014 አንድሬ ግሬይን ከሉተን፣ ስኮት ሆጋንን ከሮችዴል አመጣ፤ ከዚያ ዋትኪንስን ከኤክሰተር፣ ከዚያ ቶኒን ከፒተርቦሮ። አራቱንም አትርፎ ሸጧል፣ በመካከሉም አካዳሚውን በ2016 ዘግቶ ለዓመታት ያለ አካዳሚ ሠርቷል፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግም የወጣው በእንዲህ ያለው አሠራር ነው። ፒተርቦሮም ከዳገንሃም ክሬግ ማካይል ስሚዝን፣ በኋላም ከዚያው ክለብ ድዋይት ጌልን፣ ከኒውፖርት ኮኖር ዋሽንግተንን፣ ከኒውካስል ቶኒን እየወሰደ ወደ ላይ ሸጧል። ገንዘቡ ወደ ታችም ይወርዳል። ከ2003 ጀምሮ በደጋፊዎቹ ማኅበር ባለቤትነት የሚተዳደረው ኤክሰተር ዋትኪንስን ሲሸጥ በውሉ ላይ ተጫዋቹ እንደገና ሲሸጥ ድርሻ የሚያሰጠውን አንቀጽ አስገብቶ ነበር፤ ቪላ 28 ሚሊዮን ሲከፍል ያቺ ትንሽ ክለብ ከዚያ ተቋድሳለች። ብልህ ገዢዎች በየዓመቱ ሄደው የሚያገኙትን ነገር ተአምር ማለት ይከብዳል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚያነሳው ጠንካራ መከራከሪያ ግን አለ፣ እሱንም በሚገባው ክብደት ማየት ይገባል። የምናውቃቸው የወጡትን ነው፤ ያልወጡት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፣ ስማቸውንም ማንም አይጽፍም ይላል። እውነት ነው። በየዓመቱ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ክለቦች የሚያስቀሯቸውንና የሚለቋቸውን ተጫዋቾች ዝርዝር ያወጣሉ፤ የአንድ ዓመት ውል የያዘ የ20 ዓመት ልጅ ጉልበቱን ከተጎዳ በዚያ ዝርዝር ላይ የት እንደሚገኝ ማሰብ ይከብዳል። ይህን ሥጋት አሳንሶ መናገር ለልጆቹ መዋሸት ነው። ነገር ግን ይኸው ስሌት በትልልቆቹ አካዳሚዎች ላይ ሲተገበር ይበልጥ ይከፋል፤ እዚያም የሚወድቁት ከሚወጡት በብዙ ይልቃሉ። ልዩነቱ፣ በ20 ዓመቱ ከሊግ ቱ ክለብ የተለቀቀ አጥቂ 80 እና 100 የጎልማሳ ጨዋታ በስሙ ተመዝግቦለት የሚቀጥለው ክለብ አይቶ ሊመዝነው መቻሉ ነው። ከአካዳሚ የተለቀቀው እኩያው ይህ የለውም። ለሠልጣኞቹ ትምህርት እንዲሰጥ በሊጉና በተጫዋቾቹ ማኅበር በጋራ የቆመ ድርጅትም ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፤ በቂ ነው አልልም፣ ግን ልጆቹ ባዶ እጃቸውን የተጣሉ አይደሉም።

ከዚህም በላይ፣ ፕሪሚየር ሊግ ያልደረሰ ሁሉ ወድቋል የሚለው መለኪያ ራሱ ትክክል አይደለም። አደባዮ አኪንፌንዋ በታችኞቹ ሊጎች ከ200 በላይ ጎል አስቆጥሮ በ2022 ጫማውን ሰቀለ፤ በፕሪሚየር ሊግ አንድ ደቂቃ አልተጫወተም፣ ዋይኮም ዋንደረርስን ግን በ2020 ወደ ቻምፒዮንሺፕ ካሳደጉት አንዱ ነው፣ እሱ በተጫወተባቸው ከተሞችም ስሙ በፍቅር ይነሳል። ፖል ሙሊን በ2020–21 ለኬምብሪጅ ዩናይትድ በሊግ ቱ 32 ጎል አስቆጥሮ ሳለ በፈቃዱ ወደ ናሽናል ሊግ ወርዶ ሬክሳምን ተቀላቀለ፣ ክለቡንም ወደ ሊግ ቱ ከመለሱት ዋነኛው ሆነ። ለእነዚህ ሰዎች የባከነ ዕድሜ የቱ ነው? ሥራቸውን በብቃት ሠርተው፣ ቤተሰብ አስተዳድረው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት የሚጠብቁትን ደስታ ሰጥተው ያለፉበት ዕድሜ ነው።

የቀረው የ21 ዓመቱ ወሰን ነው፤ ይህን በክርክር ሳይሆን ሰዎቹ በ21 ዓመታቸው የት እንደነበሩ በማየት መመለስ ይቀላል። ቫርዲ ስቶክስብሪጅ ነበር፣ ገና ሃሊፋክስንና ፍሊትውድን አላየም። ላምበርት ፕሪሚየር ሊግ ለመርገጥ ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። በአገራችን ብዙ ደጋፊ ላለው አርሰናል 185 ጎል አስቆጥሮ በጊዜው የክለቡን ክብረ ወሰን የያዘው ኢያን ራይት፣ ክሪስታል ፓላስ በ1985 ከግሪኒች ቦሮ ሲወስደው 22 ሊሞላው ሦስት ወር ያህል ቀርቶት ነበር፤ እስከዚያ የሙያ ውል አልነበረውም። ላንግስታፍ በ25 ዓመቱ ገና በስድስተኛው እርከን ለጌትስሄድ ይጫወት ነበር፤ በ27 ዓመቱ ወደ ቻምፒዮንሺፑ ሚልዎል ተዛወረ። ቶኒ በ21 ዓመቱ ከውሰት ወደ ውሰት ይመላለሳል። ዋትኪንስ በ21 ዓመቱ ገና ከሊግ ቱ ወጥቶ ብሬንትፎርድ መድረሱ ነው፣ ለፕሪሚየር ሊግም ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ጽሑፉ ያሰመረው ወሰን ሕግ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ ሳውዝጌት በ2024 ወደ ጀርመን ሲሄድ በእጁ የሚኖረው የመሐል አጥቂ ሃሪ ኬን ብቻ ነበር፤ ኬንም ያንን ወሰን ያለፈው ለጥቂት ነው፣ በቶተንሃም ቋሚ ቦታውን የያዘው ከአራት ውሰት በኋላ፣ በ21 ዓመቱ ነውና።